አካኮ ያዩ ዕለት

«አባባ፣ እንዳይመርቁኝ! እዚህ አይሆንም!» ሲስተር ሸዋርካብሽ ወደኋላ ስትሸሽ የመድኃኒቱን ጋሪ ገጨችው።

አቶ አራርሳ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ከንፈራቸውን ለ«እንትፍ እንትፍ» አሹለው ነበር። ትናንት የዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ፤ ዛሬ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ነርሷን ነው። ታዲያ እንዴት ሳይመርቋት ይቀራሉ?

«ኮሮና እኮ በምራቅ ይተላለፋል፤ በዓይንም ይገባል» አለች ሲስተር፣ ጭምብላቸውን እየመለሰች። «የእርስዎም የአልጋ ጎረቤቶችዎም ዓይን ገና ቁስል ነው።»

«ምርቃትስ በምን ይተላለፋል?»

ታካሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። የልጅ ልጃቸው ኢሊሊም ሳቀች። ሽማግሌው ወደ ድምፅዋ ዞሩ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን አጥርተው ያዩት ግን አንደኛ ክፍል ሳለች ነበር።

«ኢሊሊ ኮ፣ ኢሊሊዬ! ነይ፣ ያንን ጨርቅ አውልቂና ልይሽ። አንቺንስ ሳልመርቅ አልነሳም!»

እጇ ጆሮዋ ላይ ወዳለው የጭምብሏ ማሰሪያ ሄደ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልማው ነበር! ግን እሁድ አብራት ያጠናችው ጓደኛዋ ማህደር ስታስል ነበር። «ጉንፋን ነው ባክሽ፣ አታካብጂ» ብላታለች። ጉንፋን ባይሆንስ?

«አካኮ፣ እዚህ አላወልቅም።»

«አያቷን እምቢ አለች! የዛሬ ልጆች!» አሉ ጥግ ላይ የተኙ እናት። አቶ አራርሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ኢሊሊ እየሮጠች ወጣች። ግቢውን አቋርጣ በሩ አጠገብ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ቆመችና ጭምብሏን አወለቀች።

«አካኮ! በመስኮቱ ይዩኝ!»

አቶ አራርሳ በመስኮቱ አንገታቸውን አሰገጉ። ዓይናቸውን ጠበብ፣ ከዚያ ፈታ አደረጉ።

«ፍንጭት ነሽ እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ!»

«ከዚያ ሆነው ጥርሴ ታየዎት?»

«ጥርስሽ ብቻ? አፍንጫሽም የእኔ ነው፣ ምስኪን!» እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ጉደዹ! እደጊ ልጄ! እደጊ!» ምራቁ ጭምብላቸው ውስጥ ቀረ። ሲስተር ሸዋርካብሽ አጨበጨበች፤ እኚያ እናትም እልል አሉ።

ከቀትር በኋላ ወደ ጎሬ የሚሄዱበትን ሚኒባስ ሊይዙ ወጡ። አቶ አራርሳ እንደለመዱት እንድትመራቸው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ኢሊሊ የተዘረጋውን እጃቸውን አየች። ጭምብሏን አጠበቀችና ጥቂት እርምጃ ቀድማ መራመድ ጀመረች፤ እየተከተሏት መሆኑን ለማየት በየመሐሉ እየዞረች።