ቀይ ክር የታሰረላቸው ጫጩቶች

ልብስ ሰፊዋ ከቤት የወጣችው የሸሚዝ ቁልፍ ልትገዛ ነበር። ጫጩት ይዛ ተመለሰች።

እናቷ ከካርቶኑ ውስጥ የሚንጫጫውን ሰምተው «ቁልፎቹ ናቸው እንዲህ የሚጮሁት?» አሏት።

ልጅቱ ምን ትመልስ? ከቁልፍ መሸጫው ጎን ጫጩት የሚሸጥ ወጣት ነበር። አንዷን በመዳፉ ይዞ ጀርባዋን በጣቱ ይዳብሳል። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም መንገዷን መቀጠል ሲገባት ቆመች።

«ጫጩት አሳድገሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ግድ የለም፣ እነሱም ሰው አሳድጓቸው አያውቅም» አለና ሳቀ። ያስገዛት ያ ሳቅ ነው። ይህን ደግሞ ለእናት እንዴት አድርገው ይነግሩታል?

ካርቶኑን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠች። ሰጋቱራ አነጠፈችላቸው፣ እንዲሞቃቸው አምፖል አንጠለጠለችላቸው። በማግስቱ ግን አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኩስ ከኋላቸው ተጣብቆባቸው ተኮራምተው አገኘቻቸው።

አክስቷ ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «በሽተኛ ነው የሸጠልሽ። አንቺ ፊቱን ስታዪ እሱ ዕቃውን አራግፏል!»

ነገሩ ከልቧ አልወጣ አለ። የጫጩቶቹ መዳን አለመዳን አንድ ጭንቀት ነው፤ ይበልጥ እረፍት የነሳት ግን ያ ሳቅ ከልብ ይሁን የነጋዴ ብልጠት አለማወቋ ነው። ሲሸጥላት በሰጣት ቁጥር ስልክ ደወለችለት።

«አይዞሽ» አላት። «መንገድ ሲበዛባቸው አንዳንዴ እንዲህ ይሆናሉ። የተጣበቀባቸውን ለብ ባለ ውሃ ጥረጊላቸው። ደህናውንና የታመመውን ለዪና ምልክት አድርጊ። ቤትሽን ንገሪኝ፣ የታመሙትን መጥቼ ሱቅ ወስጄ እኔው አስታምማቸዋለሁ።»

እንዳላት ጠራረገች፣ በሁለት ካርቶን ለየች፣ ምልክት አድርጊ ስላላትም ቀይ ክር እግራቸው ላይ ላላ አድርጋ አሰረች። ከዚያ ያለቀላቸውን ልብሶች ለደንበኛ ልታደርስ ወጣች።

ወጣቱ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ልጅቱ አለመኖሯን ሲሰማ ቤት መግባቱን አፍሮ በሩ ላይ ቆመ። «ምልክት ያለባቸውን ይስጡኝ፣ እናቴ» አለ። ዓይናቸው ደከም ያለው እናት ባለቀይ ክሮቹን ክዳን ባለው ካርቶን አድርገው ሰጡት። ሱቁን ለጎረቤት ጥሎ ስለመጣ ሳይከፍተው እየሮጠ ሄደ።

ልጅቱ ተመልሳ ካርቶኑን ስታይ ደሟ ፈላ። የቀሩት በሽተኞቹ ብቻ ናቸው። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሱቁ ድረስ ከነፈች።

«ሌባ!» አለችው፣ ደንበኞቹ ፊት። «ደህና ደህናዎቹን መርጠህ በሽተኞቹን ተውክልኝ አይደል?»

ወጣቱ አንዷን ባለቀይ ክር ጫጩት ይዞ ድንግርግር ብሎታል። «እኔም እኮ ከመጣሁ ጀምሮ በሽታቸውን ፈልጌ አጣሁት። ምልክት ያሰርሽባቸው እነዚህ አይደሉም እንዴ?»

«ያሰርኩማ ደህናዎቹ ላይ ነው!»

«ደህና ላይ ማን ምልክት ያስራል?»

«እኛ ስፌት ቤት! ያለቀለት፣ እንከን የሌለበት ልብስ ላይ ነው ቀይ ክር የምናስረው!»

ወጣቱ ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ የታመሙት እስካሁን ያለ መድኃኒት ነው የዋሉት?» አለና መድኃኒቱን ብድግ አድርጎ ቀድሟት ወጣ።

እቤቷ ወለል ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ በጠብታ አጠጣቸው። አምፖሉን ዝቅ አደረገ። አንዷ ግን እጁ ላይ ሞተች፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎን አደረጋትና የሚቀጥለውን አነሳ። ልጅቱ አጠገቡ ተቀምጣ ይቅርታ ልትል አሥር ጊዜ አፏን ከፈተች። ግን መድኃኒቱን ብቻ አቀበለችው። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

መድኃኒቱ እስኪያልቅ እየተመላለሰ አስታመማቸው። ሰላምታው አጭር፣ ሥራው ጥንቁቅ ነበር። ሳቁን ግን ይዞት አልመጣም። በመጨረሻ «ድነዋል። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግም» ብሎ ደህናዎቹንም መለሰና ሄደ።

ጫጩቶቹ ሰጋቱራውን መጫር ጀመሩ። ልጅቱ ግን መቀመጥም መቆምም አቃታት። በር ሲንኳኳ ትነሳለች፤ የቤት ኪራይ ጠያቂ ነው። ስልክ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

«ልጄ» አሉ እናት የሰፋችውን ሸሚዝ ዘርግተው፣ «ይሄ እጅጌ የተገጠመው ተገልብጦ ነው። ጫጩቶቹስ ዳኑ፣ አንቺን የሚያስታምም ነው የጠፋው።»

ልጅቱ ሸሚዙን አየች፣ እናቷን አየች፣ መቀሷን አስቀምጣ ወጣች።

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ወጣቱ ለአንዲት ሴትዮ መኖ በጣሳ እየሰፈረ ነው። ሲያያት እጁ ቆመ።

ድምጿን ከፍ አደረገች። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ የእኔን በሽተኞች ሊያድን ነው የለፋው። የሰደብኩት ሰው ፊት ነው፣ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን ብዬ መጣሁ።»

ሴትዮዋ ዘወር አሉ። «ደግሞ ታመሙብሽ እንዴ?»

«የለም፣ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

ልጅቱ ዓይኗን ከወጣቱ ላይ አልነቀለችም። «እሱን» አለች።

ሴትዮዋ ሳቃቸውን አፍነው «ለእኔስ ነገም ይደርሳል» ብለው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወጣቱ ጣሳውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

«አስቀይመሽኛል» አላት።

«አውቃለሁ።»

«በጣም ነው ያስቀየምሽኝ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ» አለ ያ ሳቁ ፊቱ ላይ እየተመለሰ፣ «ለምን ይህን ያህል ቆየሽ?»