ጭላዳው ከማን ሸሸ

ያልሰማ ይስማ፦ በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ በጋይንት በኩል፣ ገብስ ደረሰ። በየዓመቱም ይደርሳል።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ ሲጠብቅ የዋለው ማሩ ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ወንጭፉ ከእጁ አልወጣም ነበር። አጥቢያ ዳኛው ባላምባራስ ወልደ ሰንበት ተጠርተው መጡ። ሬሳውን አዩ፤ ከሬሳው ይልቅ ገብሱን ረዘም አድርገው አዩት። አንድ ዛላ አልተነካም።

ጎረቤቱ ፈንታ ከሩቅ ሆኖ እንዳየ ተናገረ።

«ቀይ ቀበሮ መጣ፣ ባላምባራስ። ጭላዳው ልጁን እያዘለ በረገገና ገብሱ ውስጥ ገባ። ማሩ ሊመልስ ሲሮጥ አዳለጠው።»

የማሩ ሚስት ሐረገ ወይንም ይህንኑ አለች። የዚያን ዕለት ከቤቷ አልወጣችም፤ ነገሩን ግን ከነቅደም ተከተሉ ታውቀዋለች። ሁለት ሕፃናት ቀሚሷን ይዘዋል። አላለቀሰችም። ከእንግዲህ እንዴት እንደምትኖር ሲጠይቋት እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ካሳ ያርስልኛል። ሌላ ማን አለኝ?»

ካሳ የማሩ ታናሽ ወንድም ነው። ከመስከረም ጀምሮ በድንበር ድንጋይ ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ አልካደም። የዚያን ቀን ግን ነፋስ መውጫ ገበያ ውዬ ነው የመጣሁት አለ።

«ውሻህስ?» አሉት ባላምባራስ፣ ከእግሩ ሥር የተኛውን እያዩ።

«አብሮኝ ነዋ። ከእግሬ ተለይቶ አያውቅም፣ አገሩ ሁሉ ይመስክር።»

ባላምባራስ በማግስቱ አፋፉ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ጭላዳው ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ ወጥቶ ሣር ይነጭ ጀመር። ቀይ ቀበሮ መጣ። እናቶቹ ቀና እንኳ አላሉም፤ ልጆቹም ጡታቸውን አልለቀቁም። ቀበሮው በመካከላቸው ቀስ እያለ አይጥ ሲያድን አረፈደ። በሦስተኛው ቀን አንድ መንገደኛ ከነውሻው አለፈ። አንዱ ጭላዳ ጮኸ። እናቶች የየራሳቸውን ልጅ አፈፍ አደረጉ፣ ትልልቆቹ ወንዶች ከኋላ ቀሩ፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ ቁልቁል ወደ ገደሉ ወረደ። ወደ ገብሱ የሄደ የለም።

አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ከአጥቢያው ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሁሉም ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

«ፈንታ ግማሹን አልዋሸም» አሉ ባላምባራስ። «ጭላዳው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ በዓይኑ አይቷል። ግን ቀበሮና ጭላዳ አብረው የሚውሉ ናቸው። ጭላዳውን ዕድሜያችሁን ሙሉ በወንጭፍ ስትመቱት፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያየው የለም። ታዲያ ምን አሸሸው? ነብር እንዳልል ቀን ነው። ሰው እንዳልል ማሩን ለምደውታል፤ ወንጭፉ ከማይደርስበት ፈቀቅ ብለው ይውላሉ። ውሻ ነው። የመንገደኛ ውሻ ቢሆን ፈንታ ቀበሮ ባላለን ነበር። ከውሻ ሲሸሽ ደግሞ ወደ ገደል እንጂ ወደ ገብስ አይገባም፤ ገብሱም አልተነካም። ማሩ ምን ሊያባርር ሮጠ? አልሮጠም። ባለፈው ክረምት የውሻ እብደት ገብቶ በአጥቢያው የተረፈው ውሻ አንድ ነው። እሱም ከጌታው እግር ተለይቶ አያውቅም።»

ካሳ መሬት መሬቱን አየ።

«እንግዲህ ያየ ይናገር» አሉ።

ሰዉ ካሳን አላየም፤ ያየው ሐረገ ወይንን ነበር። ካሳ ከታሰረ ለነዚያ ልጆች በሬ የሚጠምድ አይኖርም። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ቀበሮውንም የፈጠሩት ለዚሁ ነው።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ ፈንታ ተነሣ። ስለ ገደሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«የሐረገ ወይንን መሬት እኔ አርሳለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

«ዘሩ ከእኔ ይሁን» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አጨዳውን በደቦ እናነሣዋለን» አሉ ከወዲያ።

የባሏ ወንድም ሁለት በሬ ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ሌላ አራሽ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ የለም። ባላምባራስም አልጠየቁም፤ መልሱን ሰምተዋል።

ሐረገ ወይን ወደ ካሳ ሳትዞር ከተቀመጠችበት ተነሣችና ለፈንታ እጅ ነሣች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።