በልኬ የተሠራው የሐር ባርኔጣ

ይህን ስጽፍ «ፈጠራ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው... ሄስተርም አብረውኝ አይተዋል።

ሌሊት አልነበረም። መቃብር ስፍራም አልነበረም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተርሻየር ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ ጓሮ።

ሮዌና እባላለሁ። የምጋልበው በጎን ኮርቻ ነው፤ ሁለቱንም እግሬን በፈረሱ ግራ በኩል አድርጌ። እንዲህ የምትጋልብ ሴት ረጅም ጥቁር የሐር ባርኔጣ ታደርጋለች፤ ፊቷን በዓይነ ርግብ ትሸፍናለች። ባርኔጣው የሚሠራበትን ሐር ዛሬ የሚሸምነው የለም። ስለዚህ አሮጌውን እያደንን እንሰበስባለን።

በግልጽ ለመናገር የሙታንን ባርኔጣ ነው የምናደርገው።

አሥራ አራት ነበሩኝ። አንዱም በልኬ አልነበረም። በዘጠኝ ዓመቴ ከፈረስ ወድቄ ከግራ ጆሮዬ በላይ አጥንቴ ስለጎደጎደ፣ ያደረግኩት ሁሉ እዚያ ጋ ይንጋደድብኛል።

አሥራ አምስተኛውን ያገኘሁት ከአቶ ታልቦት ነው። ሰማንያን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሟች እናታቸውን ዕቃ ሲያራግፉ ከቆዳ ሣጥን ውስጥ አገኙት። ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አድርገሽው አጥር ትዘያለሽ?»

«የለም፤ ለትርኢት ብቻ ነው» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ለአጥር ዝላይ ውድድር ከተመዘገብኩ ቆይቻለሁ፤ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

ቤት ገብቼ መስተዋት ፊት አደረግኩት።

ልኬ ነው...

አይጠብቅም። አይላላም። ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ እዚያ ጉድጓድ ላይ፣ እንደ መዳፍ ገጥሞ ተቀመጠ።

በማግስቱ ለሄስተር አሳየኋቸው። ሄስተር የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ኮርቻ ላይ መቀመጥን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን ዳሰሱት። ግራው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ማን አበጀልሽ?»

«ማንም። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው እኮ።»

«ልጄ... ይሄ ነገር በእንፋሎት እየለሰለሰ በባለቤቱ ራስ ልክ ነው የሚቀረጸው። ይሄ ደግሞ ያንቺ ራስ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሣጥኑ ሳወጣው ውስጡ ሞቆ ነበር። ሰው አሁን ከራሱ ያወለቀው ዓይነት ሙቀት።

በአምስተኛው ቀን፣ ፈትቼ ያሳደርኩት ዓይነ ርግብ ከኋላ ተቋጥሮ አገኘሁት።

በሳምንቱ ደግሞ ከውስጠኛው ቆዳ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር መዘዝኩ። ቀይ ነው። እርጥብ ነው።

የኔ ፀጉር ጥቁር ነው።

ያኔ መተው ነበረብኝ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ሲቆረቁረኝ ኖሬ በልኬ የሆነ አንድ ነገር ባገኝ... አልጨከንኩም።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ባዝራዬን ብራምብልን ይዤ ሜዳ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። ሄስተር እያዩኝ ዝቅተኛውን የቁጥቋጦ አጥር ዘለልኩ። ብራምብል እንደዚያ ቀን ቀልላ ዘላ አታውቅም። ተመልሼ ሄስተር አጠገብ ቆምኩ።

«ጫማሽን ሰብስቢ፤ ከቀሚሱ ወጥቶ ይታያል» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። እግሮቼ ሁለቱም ያሉት በግራ ነው። ሄስተር የቆሙት በቀኝ በኩል ነው።

«የቱን ጫማ?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ለራሳቸውም የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ሄስተር?»

«ውረጂ» አሉ በሹክሹክታ። «በግራ ውረጂ... ወደዚህ አትዪ።»

ወረድኩ። አላየሁም። ያዩትን የነገሩኝ ቤት ገብተን በር ከዘጋን በኋላ ነው። የሴት ጫማ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከኮርቻው ሥር የተንጠለጠለ።

ሶሉ ወደ ሰማይ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ተሸክሜ አቶ ታልቦት ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ ሲያዩኝ «ዘለልሽ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ባርኔጣው የእናታቸው ታላቅ እህት የሌቲስ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ አጥር ስትዘል በቀኝ በኩል ወደቀች፤ ቀሚሷ ኮርቻው ላይ ተያዘ። ፈረሱ ቁልቁል እንደተንጠለጠለች ሁለት ሜዳ ሙሉ ጎተታት። የቆመው ከቤታቸው አጥር በር ሲደርስ ነው። ባርኔጣው የተገኘው በሩ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ማን እንዳስቀመጠው እስከዛሬ አልታወቀም።

«በልጅነቷም አንዴ ወድቃ ነበር» አሉና ከግራ ጆሯቸው በላይ ነካ አደረጉ። «እዚህ ጋ አጥንቷ ገብቶ ነበር።»

ስለኔ ራስ ነግሬያቸው አላውቅም።

«ቤቷ ለመግባት ሃምሳ እርምጃ ነበር የቀራት» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ ሁልጊዜ የምታዝነው በዚያ ነበር።»

ባርኔጣውን ተቀበሉኝ። እኔም ከውድድሩ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሄስተር ብቻዬን እንዳልሆን መጥተው ኩሽና ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ውድድሩ የሚጀመርበት ሰዓት። ብራምብል ያለ ኮርቻ ሜዳ ላይ ትግጥ ነበር።

ሄስተር ድንገት ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ባዝራሽን ማን ጋለባት?»

በመስኮት አየሁ። ብራምብል አጥሩ በር ጋ ቆማለች። በላብ ተነክራለች። ጎኗ ይርገበገባል።

ሁለታችንም እየሮጥን ወጣን። የኩሽናውን በር እንኳ አልዘጋነውም።

ፀሐይ ስላልወጣች ሜዳው ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም። የብራምብል ኮቴ ከሩቁ ቁጥቋጦ ጀምሮ በግልጽ ይታያል። ከኮቴው በስተቀኝ ደግሞ ሣሩ ተኝቷል... አንድ ሰው በሚያህል ስፋት፣ ሳይቋረጥ፣ እስከ አጥሩ በር ድረስ።

አጥሩ በር ጋ ሲደርስ ኮቴው ቆመ።

የተኛው ሣር አልቆመም።

በተዘጋው የአጥር በር ሥር አልፏል። ጓሮውን አቋርጧል። እኛ ስንሮጥ የመጣንበትን መንገድ ይዞ ወደ ቤት ሄዷል። ሄስተር ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

በዓይናችን ተከተልነው... እስከ ኩሽናው ደፍ።

ክፍት ትተነው የወጣነው በር ተዘግቷል።

ከውስጥ ደግሞ፣ በሩ ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ... አንድ ሰው የታችኛውን መወርወሪያ በቀስታ ሲገፋ ሰማን።