ሦስተኛዋ ሲኒ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የለንደን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ሳለ ነው የጀመረው።

"መድኃኒቱ ነው እንዲህ የሚያናግራት" የምትሉ አትጠፉም። በሉ... ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና በሉ።

ስሜ ሄስተር ነው፤ በረግረጉ አገር ያለችው እናቴ ሄቲ ትለኛለች። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የሚስተር ፌልጌት ጸሐፊ ነበርኩ። ሚስተር ፌልጌት በየሳምንቱ በመጽሔት ልብ ወለድ የሚያወጣ፣ አገር ምድሩ ቅዳሜን የሚጠብቅለት ደራሲ ነው። እጁን ሪህ ስለያዘው ብዕር መጨበጥ አይችልም። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ያኔ "እርስዎ" እለው ነበር። አሁን "እሱ" ማለቴ አይበዛበትም።

ለሕመሙ ላውዳነም ይጠጣል። ከፖፒ አበባ የሚወጣ፣ በአልኮል የተበጠበጠ፣ ቡናማና መራራ መድኃኒት ነው። በዚያ ዘመን እንደ ጨው በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ደራሲዎቹማ ያለ እሱ ወረቀት አይነኩም። ሕልም ያሳያል ይላሉ።

በየቀኑ አርባ ጠብታ ብርጭቆ ውስጥ ቆጥሬ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስስ ድሩስ ሻይ ይዛ ትመጣለች። ለእሱ አንድ ሲኒ፣ ለእኔ አንድ ሲኒ።

"አንቺ የረግረግ ልጅ፣" ትለኛለች ስኳር እየጨመረችልኝ፣ "በአገራችሁ ሰው የእግር ጣት መሀል እንደ ዳክዬ ቆዳ አለ ይባላል። እስቲ ጫማሽን አውልቂና አሳዪኝ።"

"እርስዎ መጀመሪያ ያውልቁ፣" እላታለሁ።

እየሳቀች ትወጣለች። ደግ ሴት ትመስለኝ ነበር። ሻይዋንም እወደው ነበር፤ የእናቴን ቤት ያስታውሰኛል።

ሚስተር ፌልጌት ደግሞ "ልጄ" ይለኛል። አባቴን አላውቀውም። "ልጄ" ሲለኝ ደስ ይለኝ እንደነበር ልደብቃችሁ አልችልም።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ...

ሻዬን ጠጥቼ ብዕሬን አነሳለሁ። ቀና ስል ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆኗል። ጣቶቼ በቀለም ተነክረዋል። ፊት ለፊቴ አሥር ገጽ አለ።

ጽሑፉ የእጄ ጽሑፍ ነው። ግን አንዱንም ቃል ሲናገረው አልሰማሁም።

"ደክሞሽ ነው ልጄ፣" ይለኛል። "ጆሮሽ ቢተኛም እጅሽ ሠርቷል።" ገጾቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፋል።

አንድ ሐሙስ ቀን ሚስስ ድሩስ የሻዩን ትሪ አስቀምጣ ወጣች።

ሦስት ሲኒ ነበር።

ሁለቱ የእኛ። ሦስተኛዋ ትንሽ... የሕፃን ሲኒ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

"እንግዳ አለ እንዴ?"

"ምን እንግዳ?"

"ሦስተኛዋ ሲኒ የማን ናት?"

ቆም ብላ አየችኝ። ዛሬ አልሳቀችም።

"ትናንት ራስሽ አይደለሽ ያዘዝሽኝ?" አለች በሹክሹክታ። "'ለትንሹም ያምጡለት' አላልሽም?"

እኔ እንዲህ ያልኩበትን ቀን አላውቅም።

በማግሥቱ ሚስስ ድሩስ ጉንፋን ይዟት ተኛች። ሻዩን ራሴ አፈላሁት። በዚያው በራድ፣ በዚያው ቅጠል፣ በዚያው ስኳር።

ቀመስኩት። ሻይ ነበር። ሻይ ብቻ... ያ የምወደው፣ ከስኳሩ ሥር ያለው ምሬት የለም።

ያኔ ገባኝ።

በእኛ በረግረግ አገር ንዳድ ሰው አያስቀምጥም። ስለዚህ ሁሉም በጓሮው ፖፒ ይተክላል፤ ፍሬውን ቀቅሎ ይጠጣዋል። እናት ማሳ ስትወርድ ሕፃኑ እንዲተኛላት ያንኑ ታጠጣዋለች። እኔም በእሱ ነው ያደግሁት። የለንደን ሰው ቢቀምሰው ገና ከንፈሩን ሲነካው ይተፋው ነበር። እኔ ሞኟ ግን "የቤቴ ጣዕም" ብዬ ወራት ሙሉ ጨለጥኩት።

ቅዳሜ ሚስስ ድሩስ ተሻላት። ሻዩ መጣ። ሦስት ሲኒ።

ሚስተር ፌልጌት ወደ መስኮቱ ዞር ሲል የእኔን ሻይ የከሰሉ ባልዲ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ራሴን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሽፋሽፍቴ ሥር ግን አያለሁ።

የቆጠርኩለትን አርባ ጠብታ አንስቶ... ወደ ጠርሙሱ መለሰው።

ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዕሩን በጣቶቼ መሀል አስገባልኝ። ትንፋሹ ጆሮዬን ነካው።

"ሄስተር።"

እንደተኛ ሰው ተነፈስኩ።

"መጥቷል?"

ብዕሩ በጣቶቼ መሀል አልተንቀሳቀሰም።

"ጄቤዝ... ዛሬም መጥቷል?"

ጄቤዝ ወንድሜ ነው። በሁለት ዓመቱ የሞተ ወንድሜ። በለንደን ስሙን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዓይኔን ገለጥኩ። እሱ ግን እኔን አያይም ነበር። ትንሿን ሲኒ ነበር የሚያየው።

"ይህን ስም ከየት አመጡት?"

ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ቀስ ብሎ ግን ፈገግ አለ፤ ያፈረ ሰው ፈገግታ አልነበረም።

"አልጠጣሽም።"

"ከየት አመጡት አልኩ።"

"ከአንቺ ነዋ።" ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። "ልጄ፣ ለእኔ መድኃኒቱ ሕልም ማሳየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። እንቅልፍ ብቻ። ለአንቺ ግን በሩን ይከፍታል። አገሩ የሚያለቅስበትን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ... ጠየቅኩሽ እንጂ።"

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን የጣለኝ "ልጄ" እያለ ነው።

"የዛሬው መጽሔት ላይ ምን አለ?"

መጽሔቱን አቀበለኝ። ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም።

ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቷ ማሳ ወርዳለች። ወንድሟ አልተኛ ብሏት ያለቅሳል። አንድ ሲኒ የፖፒ ሻይ ታጠጣዋለች። እንደገና ሲያለቅስ ሁለተኛ ትደግምለታለች። ጠዋት አልነቃም። እናቷ "ስንት አጠጣሽው?" ስትላት "አንድ" ብላ ትዋሻለች።

ስሙን እንኳ አልቀየረውም። ጄቤዝ ይላል።

ይህን ሸክም አሥራ አምስት ዓመት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ በልቤ ብቻ ነው የተናዘዝኩት። አሁን በየቤቱ ይነበባል።

መጽሔቱን አጠፍኩት።

"መጨረሻውን አንብቢው እንጂ፣" አለኝ። "የሚገርመው መጨረሻው ነው።"

አላነበብኩትም። ኮቴን አንስቼ ወረድኩ። ሚስስ ድሩስ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"እርስዎም ያውቁ ነበር።"

ወለሉን አየች። "በእንቅልፍሽ ደስተኛ ትመስዪ ነበር፣" አለች። "ትስቂ ነበር... አንዳንዴ ሁለት ሆናችሁ።"

በማግሥቱ የመጀመሪያውን ባቡር ያዝኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን። ማንበብ አትችልም፤ ግን በመንደራችን ቅዳሜ ከሰዓት የቄሱ ሚስት ሴቶቹን ሰብስባ መጽሔቱን ታነብላቸዋለች። እናቴ ከፊት ትቀመጣለች። "ልጄ ናት የምትጽፍለት" እያለች ትኮራለች።

ከሌላ አፍ ሰምታ ከሆነ ዓይኗን እንዴት አያለሁ? ሳትሰማ ከሆነ ደግሞ እግሯ ላይ ወድቄ ራሴ እነግራታለሁ። መንገዱን ሙሉ ይህን ስለማመድ ሄድኩ።

ስደርስ ቀትር ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ሻይ ፈልቷል።

"እማ..."

"ትናንት አነበበችልን፣" አለች ሳታየኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ነው ያጠጣሁት። 'አንድ' ያልኩሽ ፈርቼ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይቅር በይኝ።"



"ማነው የነገረሽ?" አለች።

"ምኑን?"

"መጨረሻ ላይ ያለውን።"

"መጨረሻውን አላነበብኩትም።"

አሁን አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ማታ ከማሳ ስገባ ነቅቶ ነበር፣ ሄቲ። አልጋው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳቀልኝ። አንቺ ተኝተሻል። ሌሊቱን ሙሉ እንዳያስነሳኝ ፈራሁ፤ ወገቤ ተቆርጦ ነበር..." እጆቿን አየች። "ሦስተኛውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ።

"ነቅቶ ነበር?"

"ነቅቶ ነበር።"

"ጠዋት ግን 'ስንት አጠጣሽው' ብለሽ የጠየቅሽው እኔን ነው።"

"ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።"

አሥራ አምስት ዓመት። በየዓመቱ መቃብሩ ላይ አብረን ስንቆም እጄን ትይዘኝ ነበር። ሳለቅስ እንባዬን የምትጠርገው እሷ ነበረች። ፌልጌት ሕልሜን ነው የሰረቀኝ፤ እናቴ ግን ልጅነቴን። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

"ያን ሌሊት እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "ሌላ ሰው አላየኝም። አንቺም ተኝተሽ ነበር። ታዲያ ማን ነገረሽ?"

ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ አርፎ ነበር።

ሦስት ሲኒ ነበር።

"እማ... ትንሿን ያቀረብሻት አንቺ ነሽ?"

ዞራ አየቻት። አፏን በእጇ ያዘች።

"እኔ አንድ ነው ያቀረብኩት፣" አለች። "መምጣትሽንም አላውቅም ነበር።"

የሁለታችን ሲኒዎች እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ፤ ማናችንም አልነካናቸውም።

ትንሿ ግን ባዶ ነበረች። አነሳኋት... ገና ትሞቅ ነበር።