ቁጥሩ ያልያዘው

የሻረግ ጡቷ ላይ የወጣውን ካንሰር አዲስ አበባ ታክማ ላሊበላ ስትመለስ፣ ያገኛት ሁሉ «እግዜር ማረሽ» አላት። አብዮቱ ከፈነዳ ስምንተኛ ዓመቱ ነበር። ወደ ማስተማሯ ተመለሰች። ግን ሰሌዳው ፊት ቆማ የጀመረችው ነገር መሐል ላይ ይጠፋባት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። የእጮኛዋ የሙሉሃብት እናት እትዬ ይማርሽ «በሽተኛ እንዴት ቤት ትይዛለች?» ማለታቸውን ሰምታለች።

ሙሉሃብት የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበር። ያከሟት የአዲስ አበባ ሐኪም ከካንሰሩ መድኃኒት በኋላ ሕመምተኞቻቸው ስለገዛ አእምሯቸው ምን እንደሚሰማቸው ያጠኑ ነበርና፣ እሷን እንዲጠይቅላቸው አደራ ብለውታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። አስቀድሞ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር አደረገ። አልተሳሳተችም። አስታውሺ ብሎ የነገራትንም ቃላት አንድም ሳትስት መለሰችለት። ፊቱ ፈካ።

«ደህና ነሽ። ለእናቴ ይህንኑ እነግራታለሁ።»

የሻረግ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ዝም ብትል የሠርጉ ቀን ይቆረጣል። ዝም ብትል ደግሞ ዕድሜ ልኳን ስትደብቀው መኖሯ ነው።

«ደህና አይደለሁም» አለችው።

ድካም ይሆናል፣ ያልፋል፣ ቆጠራው እንኳ ልክ ነው ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

«ቁጥር ጠየቅኸኝ እንጂ እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችው። «ትላንት ገበያ ላይ አንዲት ሴት እጮኛሽ ማን ይባላል አለችኝ። ስምህ ጠፋብኝ።»

ሙሉሃብት ተነሣ። ትቷት ሊሄድ መስሏት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን የተቀመጠበትን ዱካ አንሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ምን ምን እንደሚሰማት ጠየቃት። አንድ ገጽ ለማንበብ ስንቴ እንደምትመለስ፣ ቅዳሴ መሐል ሐሳቧ እንዴት እንደሚከዳት፣ የተማሪዎቿን ዓይን እንዴት እንደምትፈራ ነገረችው። አላቋረጣትም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሰማት።

ለእናቱም ሳይደብቅ ነገራቸው። እትዬ ይማርሽ ተቆጡ።

«ነገ ልጇን ብትረሳስ?»

«ለማስታወሱ ሁለት ነን» አላቸው።

እንዲያ ከሆነ ሠርጉ ላይ አልገኝም አሉ። በጥር ተጋቡ። ሙሽሮቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ዓይናቸው ከበሩ አልተነቀለም። እንግዳው በልቶ ሊያበቃ ሲል እትዬ ይማርሽ በዝግታ ገቡ። ልጃቸውን አልፈው ቀጥታ ወደ የሻረግ ሄዱና ጉንጯን ሳሟት።

«ይማርሽ እባላለሁ» አሏት። «ቢጠፋብሽ ደግሜ እነግርሻለሁ።»