የጥጃው እምብርት

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምነኝ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

1978 ዓ.ም.፣ አንገር ጉቲን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያለው ማነው?

የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ከነቀምት ወደ አንድ ከብት እርባታ ተላክሁ። ታማሚው ጥጃ ነው። አንጀቱ በእምብርቱ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ከቆዳው ሥር ብርቱካን አክሎ አብጧል።

ካድሬው ጓድ መሸሻ ከቆርቆሮው ጋጣ ደጃፍ ቆመ።

"የውጭ ዝርያ ነው። ከሞተ አሻጥር ነው። ሳትጨርስ አትወጣም።"

በእኔና በከብት ጠባቂው ላይ በሩን ከውጭ ቆለፈ።

ሚስቴ በዛብሽ እርጉዝ ነበረች። በአሻጥር ታስሮ የተመለሰ ሰው ደግሞ አላውቅም።

ከብት ጠባቂው ኦቦ ጨመዳ የጥጃውን እግር ያዙልኝ። እብጠቱን ገፋሁት፤ ገባ። ደስ አለኝ። ተገፍቶ የሚገባ አንጀት አልታነቀም ማለት ነው።

ቀዳዳውን ልለካ ከነቆዳው ሁለት ጣቶቼን ሰደድኩ።

አንድ ነገር... ጣቶቼን ያዘኝ።

እንደ ሕፃን እጅ። ለስላሳ፣ ግን የማይለቅ።

"ኦቦ ጨመዳ..."

"ያዘህ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እንዴት አወቁ?"

"ማሎ፣ እባክህ፣ አትጎትት። ዝም ብለህ ስፋው።"

ሲለቀኝ ሮጬ በሩን ደበደብኩ። "ክፈቱልኝ!"

በሩ አልተከፈተም።

ምን ላድርግ? ማደንዘዣ ወጋሁ፤ በምላጭ ከፈትኩ። ከአንጀት በቀር ምንም የለም! መልሼ አስገባሁት፤ ቀዳዳውን ሰፋሁ፤ ቆዳውንም ሰፍቼ ቋጠሮዎቹን እንደ ደንቡ ከውጭ አሰርኩ። ሲድን ቆርጬ የማወጣቸው እኔው ነኝና።

መሸሻ ሲከፍት ጥጃው ቆሞ ነበር። ከእፎይታ ብዛት አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ "ና፣ ክሩን አውጣ" ተባልኩ።

ቁስሉ ድኗል። አጎንብሼ ቋጠሮዎቹን ፈለግኩ።

የሉም።

ክሮቹ አሉ። ቋጠሮዎቹ ግን ወደ ውስጥ ዞረዋል... ከውስጥ ሆኖ ያሰራቸው ያለ ይመስል።

"ዋቃዮ... አትቁረጠው" አሉ ኦቦ ጨመዳ።

ከኋላዬ በሩ ተቆለፈ።

"ስትጨርስ ትወጣለህ!" አለ መሸሻ ከውጭ።

መቀሱን ገና አልነካሁትም ነበር። የመጀመሪያው ክር ግን ላላ... ቀስ እያለም ወደ ውስጥ ገባ።