በፎቶው ላይ የሚታየው ሁሉ ይላካል

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። "ተረት ነው" የሚል ካለ መብቱ ነው... እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ግን ሆኗል። በእኛ ቤት፣ በእናቴ ላይ ሆኗል።

ደግሞ በጨለማ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ከልጇ ጋር ትጨቃጨቃለች።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንተዳደረው አሮጌ ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ ለባሕር ማዶ ሰዎች በመሸጥ ነበር። ቤት ከሚለቅ፣ ቤት ከሚያፈርስ ሰው ላይ የግድግዳ ሰዓት፣ የቆዳ ሻንጣ፣ የነሐስ መቅረዝ እንገዛለን። ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ባሕር ማዶ ያሉት ዋጋ እየጨመሩ ይሻሙበታል። ጨረታው ሲዘጋ የወንድሜ ስልክ "ቅጭል" ትላለች።

ቅጭል ካለች አለቀ፣ ተሸጧል። ሻጭ ሐሳቡን ከቀየረ ገዢዎች የሰጡት ኮከብ ይወርዳል። ኮከቡ የወረደ ሻጭ ጋ ደግሞ ዝር የሚል ገዢ የለም።

የእኔ ሥራ ማሸግ ነው። ፎቶ ሲነሳም ከዕቃው ኋላ ነጭ አንሶላ ወጥሬ እይዛለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ገዢ ከሰሰን። ማንቆርቆሪያ ሸጠንለት "ፎቶው ላይ ክዳን ነበር፣ የመጣልኝ ግን ያለ ክዳን ነው" አለ። ክዳኑ የሌላ ዕቃ ነበር፣ እንዲያው አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ቢሆንም ለእሱ ተፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ክርክር ስለሰለቸው በየዕቃው ሥር አንዲት መስመር መጻፍ ጀመረ።

«በፎቶው ላይ የሚታየው ሁሉ ይላካል።»

ገዢዎች የዕቃውን መጠን ማወቅ ስለሚፈልጉ ደግሞ አጠገቡ የሰው እጅ እናስቀምጣለን። ሜትር አይሻልም ወይ ስለው "እጅ ያለበት ዕቃ ባለቤት ያለው ይመስላል" ይለኛል። ለነገሩ እሱ መልስ አጥቶ አያውቅም።

እያደር ሰው ሁሉ ነቃ። አሮጌ ዕቃውን ራሱ መሸጥ ጀመረ። እኛ የምንገዛው ጠፋ... የወንድሜ ዐይንም ወደ እናታችን ክፍል ዞረ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ "ባለ መቀሷ" ነው የሚላት። መቀስ ከመያዝ ብዛት የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ጎብጣ ቀርታለች። ምላሷም ቢሆን እንደ መቀሷ ነበር፣ ተናግራ የማትቆርጠው ሰው የለም። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ አባታችን በሠራላት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው የምትውለው።

ወንድሜ መጀመሪያ የጠየቃት መቀሱን ነው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል አላት። መቀሱን ወደ እሱ ገፋችለት።

"ውሰደው። ዕቃው ሲያልቅ እኔንም ጨምረህ ሽጠኝ።"

"አንቺን ማን ይገዛሻል እማዬ?"

ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ እንኳ አንሶላውን ይዤ ሳቅሁ።

መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ያችን ጣተ ጎባጣ እጇን አጠገቡ አስተኛት፣ አነሳ፣ ለጠፈ።

ብዙዎች ዋጋ ሰጡ። በኋላ ግን አንድ ፎቶ የሌለው፣ ስሙም ቁጥር ብቻ የሆነ ገዢ መጣና ሌሎቹን ሁሉ በዋጋ አባረራቸው። መልእክትም ላከ።

«እጇም ያምራል።»

ወንድሜ ደስ አለው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ... ሰውየው የጻፈው በእኛው ቋንቋ ነበር። አንድ ፊደል እንኳ አልሳተም።

ጨረታው የተዘጋ ቀን እማዬ ውኃ እየጠጣች ነበር።

ቅጭል።

ብርጭቆው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሳሻሸው በረዶ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ የደም ዝውውር ነው፣ ዕድሜ ነው አሉን።

መቀሱ በደረሰ ጊዜ ገዢው አስተያየት ከነፎቶው ለጠፈ። መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አጠገቡ እጅ አለ። ሌባ ጣቷ የጎበጠች።

"የእኛኑ ፎቶ ነው መልሶ የለጠፈው" አለ ወንድሜ።

አልነበረም። በእኛ ፎቶ ላይ እጇ ተኝቷል። በዚያኛው ላይ መቀሱን ይዞ ጨርቅ ይቆርጣል።

ለወንድሜ ባሳየው "አንቺ ደግሞ ነገር ማያያዝ ትወጃለሽ" ብሎ ስልኩን ነጠቀኝ።

ቀጥሎ ዶቃዋን አለ። ከአንገቷ ለይታው የማታውቀውን። በአንድ እጇ መፍታት ስላቃታት ሳትፈታው፣ እዚያው አንገቷ ላይ እንዳለ አነሳው። እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው አለ። ያው ገዢ መጣ። ያው ቁጥር።

ጨረታው ሊዘጋ ሲል እኔ ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስሚኝ ልጄ... ወንድምሽ ወንበሬን እንዳ..."

ቅጭል።

አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ አየችኝ። ያ አስተያየቷ መቼም ከዐይኔ አይጠፋም። ያች ሰው ሁሉ የሚፈራት ምላስ በአፏ ውስጥ ሞተች።

ዶቃው ሲደርስ የመጣው አጭር ቪዲዮ ነው። ዶቃው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከኋላ ግን አንዲት ሴት ታንጎራጉራለች... እማዬ ስትሰፋ የምታንጎራጉራት ናት። የእናቴን ድምፅ እኔ ልስተው?

ወንድሜም ያን ቀን ፈራ። ስልኩን ደፍቶ ተቀመጠ። የእሱ ፍርሃት ግን ዕድሜ የለውም። ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ።

«አሁን የምትቀመጥበት ወንበር ነው የቀረው።»

ወንበሩን ለማንም አሳይተን አናውቅም። በአንድም ፎቶ ላይ የለም።

ወንድሜ ሰውየው የጠራውን ዋጋ አይቶ ፍርሃቱን ረሳው። አትሸጥም አልኩት። እጇን አይተሃል፣ ድምጿን ሰምተሃል፣ የቀረችንን እናት ተዋት አልኩት። ሐኪም ያለውን ትተሽ የባልቴት ወሬ ታወሪያለሽ ብሎ ገላመጠኝ። እሺ፣ ቢያንስ እሷን አንሥተን ባዶውን ወንበር ፎቶ እናንሣው አልኩ። ልናነሣት ስንል እማዬ በቀረችው እጇ መደገፊያውን ጨምድዳ ይዛ እንቢ አለች። በምን አፏ ትናገር?

"ትቀመጥ" አለ። "'ሴትዮዋ ከዕቃው ጋር አትሸጥም' ብዬ እጽፍበታለሁ።"

"ትጽፋለህ?"

"እማዬ ትሙት።"

እፊቷ ነው እንዲህ ብሎ የማለው።

አንሶላውን ወጠርኩ። ካነሣ በኋላ ፎቶውን አየሁት። የአንሶላው ጠርዝ ላይ ጣቶቼ ገብተዋል፣ በር ቀርጥፎት የጠቆረው ጥፍሬ ሳይቀር። ቁረጠው አልኩት። ጠርዝ ማን ያያል ብሎ ተወው።

ጨረታው የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ልቤ አላርፍ ቢለኝ ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩት።

እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ፊት ለፊት ታየኛለች። ከሥሯ አንዲት መስመር አለች።

«በፎቶው ላይ የሚታየው ሁሉ ይላካል።»

ሌላ ምንም የለም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ... የለም።

ደወልኩ። ሰው ስለከበበኝ በሹክሹክታ ነው የምጮኸው።

"አልጻፍክም!"

"ኧረ ጽፌያለሁ... ቆይ... ከድሮው ገልብጬ ነው መሰለኝ የለጠፍኩት።"

"ሰርዘው። አሁኑኑ ሰርዘው።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ዋጋ ከገባ በኋላ እኮ... ኮከባችን ይወርዳል።"

የያዝኩትን ካርቶን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ቀረ፣ አልተመለስኩም። መንገድ ላይ ሰው "ምን ሆናለች?" ሲል ይሰማኛል። በራችን ክፍት ነበር። ጎረቤቴ ልብሷን እያሰጣች ከልጇ ጋር ትጨቃጨቃለች።

እማዬ አለች! ወንበሯ ላይ ናት፣ ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፋለች። ስታየኝ ፈገግ ልትል ሞከረች።

በብብቷ ሥር ገብቼ ላነሣት ታገልኩ። "ተነሺ እማዬ... ተነሺልኝ..." ድሮ እንደ ሕፃን የማነሣት ሴት ከወንበሩ ጋር የተሰፋች ይመስል አልነቃነቅ አለችኝ። የቀረችው እጇ እጄን ያዘች።

ከሚቀጥለው ክፍል...

ቅጭል።

እጇ ላላ።

የእኔም ጣቶች በዚያው ደነዘዙ። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

በእማዬ ቀብር ላይ እንደ ወንድሜ ያለቀሰ ሰው የለም። የውሸትም አልነበረም፣ ሐሰት አልናገርም። የለቀስተኛው እግር ሲያጥር ግን መዶሻና ጣውላ ይዞ ገባ። "ለሞተችው ምን እናደርግላታለን? እኛ መኖር አለብን" አለኝ። የማሸጉ ሥራ የእኔ ነበር፣ ያን ቀን ግን አልነካም አልኩ። ብቻውን አሽጎ ላከው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል።

ከዚያ አስተያየቱ መጣ። ኮከቡ ሙሉ ነው።

«ዕቃው በፎቶው ላይ እንዳለው ነው። አንድም ሳይጎድል ደርሷል።»

ፎቶው ላይ ወንበሩ መስኮት ሥር ተቀምጧል።

እማዬ ተቀምጣበታለች።

በቀኝ እጇ መቀሷን ይዛለች። ዶቃዋ አንገቷ ላይ ነው። አንድ ሰው ላይ ነገር ጣል አድርጋ እንደጨረሰች አፏን ከፍታ ትስቃለች። ጉንጯ ሞልቷል፣ ፀጉሯ ተበጥሯል። እኛ ዘንድ እንዲህ የሳቀችው መቼ ነበር? አላስታውስም። ተመችቷታል... እናቴ የገዛት ሰው ጋ ተመችቷታል።

ወንድሜ ስልኩን ሰበረው። ሰፈርም ለቀቀ። የት እንደገባ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግ።

እኔ ግን ገጹን በየቀኑ እከፍታለሁ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው መጀመሪያ ያላስተዋልኩት ነገር አገኘሁ። ከወንበሩ ኋላ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፣ ጠርዙ ላይ ጣቶች ይታያሉ። የአንደኛው ጥፍር ጠቁሯል።

ይህን የምተይበው በግራ እጄ ነው። የቀኝ ጣቶቼ ልብስ መቆለፍ ትተዋል፣ እሳት ላይ ብይዛቸውም አይሞቁም። ሐኪሙ የደም ዝውውር ነው አለኝ። ዕድሜ ነው እንዳይለኝ ገና ልጅ ነኝ።

እንድትፈሩልኝ አልፈልግም። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ፍርሃቱ ወጥቶልኛል። በገዛ ጣቶቼ ነው የምቀናው።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ፎቶ ተለጥፏል። አንሶላው መሬት ላይ ወድቋል። ከወንበሩ ኋላ የቆመ ሰው የለም።

ጣቶቼ የእማዬ ትከሻ ላይ ናቸው... እሷም በጎባጣዋ ጣቷ ያዝ አድርጋቸዋለች።